ዜና ሕይወት ዘደጃዝማች በላይ ዘለቀ፤ ለሕፃናት እንዲነገር

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ጎልማሳው በሠርግና በደቦ ላይ ሲፎክር አባ ኮስትር በላይን ሳይጠራ አይቀመጥም። ሕፃናትም ይሰማሉ። ነገር ግን የጠመንጃውን ነገር ብቻ ሰምተው፣ ያደገበትን ኀዘንና ለሌላው ሰው ያደረገውን እንዳያጡ፣ ሕይወቱ ከነጉድለቱ ሊነገራቸው ይገባል።

አባቱ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ ወገን ነበረና የመንግሥት ጭፍሮች መጥተው ገደሉት። በላይም ከወንድሙ ከእጅጉ ጋራ ያለ አባት አደገ፤ ስለ አባቱም ደም ሸፈተ። የአባይን በረሃ መግቢያና መውጫ ያወቀው በዚሁ በሽፍትነቱ ዘመን ነው።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የቤቱን ቂም ትቶ ስለ አገር ተነሣ። ከመኳንንቱ ብዙዎች ለጠላት ሲገቡ እርሱ አልገባም። ተከታዮቹ አብዛኞቹ አራሾች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች እያለ ሾመ፤ ለራሱ ግን ማዕርግ አልጨመረም፤ እናቱ ያወጣችለት ስም በላይ መባሉ ይበቃዋል እየተባለ ይተረጎማል፤ ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ይህ ደኅና ትርጓሜ ነው። ለገበሬ ልጅም እንዲህ ያለ ሹመት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ትናንት በሬ የጠመደው ዛሬ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። በላይ በያዘው በቢቸና አገር ሰው በገዛ ወገኑ ተዳኘ።

በ1933 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻ የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ፤ ኋላም ሸፈርታክ ላይ አባይን ተሻገረ። በላይ መንገዱን ሊዘጋ ሲጠበቅ ሳይዘጋ ቀረ። ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ስለ ገቡለት ነው ብለው የእንግሊዝ መኰንኖች ጽፈውበታል። ይህም ከሕፃናት አይሸሸግ።

ከድሉ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደጃዝማች አሉት፤ ግዛቱ ግን ተከፋፈለ። ቅር ብሎት ጥሪ አልቀበልም ቢል በ1935 ዓ.ም. ጦር ዘመተበት፤ ተይዞም ታሰረ። ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ጋራ ከእስር ቢያመልጥ ዳግመኛ ተያዘ፤ ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ከወንድሙ ከእጅጉና ከልጅ ማሞ ጋራ በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ሕፃናት እዚህ ላይ ሲደርሱ ነጻ ያወጣው አገር ስለ ምን ሰቀለው ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚያስተምራቸውም ሰው ቶሎ መልስ አይገኝለትም።