ከበጎች ተምሮ ለጡት ካንሰር የደረሰው ሐኪም

እኛ ቦረና መካነ ሰላም ዙሪያ ያደግን ልጆች በግ ግልገሏን ስታጠባ ሳናይ የዋልንበት ቀን የለም። ጆርጅ ቢትሰንም ነገሩን የጀመረው ከዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1848 ሲሎን የተወለደው ቢትሰን በስኮትላንድ ገጠር ሳለ የሚያጠቡ በጎችን እያየ ስለ ወተት አጠና። እንቁላል ማምረቻዋ የወጣላት ላም ወተቷ ቶሎ እንደማይነጥፍ ሰማ። ታዲያ ይህ አካል ጡትን የሚያዝ ከሆነ፣ ካንሰሩንስ?

በ1895 ግላስጎው ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባትን የ33 ዓመት እናት እንቁላል ማምረቻ አወጣ። እጢው ጠፋ፤ ታካሚዋም ከ3 ዓመት በላይ ኖረች። ሌሎች ላይ ግን አልሠራም። ምክንያቱን ሳያውቅ በ1933 አረፈ።

ምክንያቱ ሪሴፕተር ነው፤ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን። ኤልውድ ጄንሰን ቺካጎ ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደረሰበት። ዛሬ ላብራቶሪው ከእጢው በተወሰደ ናሙና ላይ ይፈትሸዋል። ፖዘቲቭ ከሆነ እንደ ታሞክሲፈን ያለ ክኒን ሊታዘዝ ይችላል። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ከቆየ ግን ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል።

እናቶቻችንና እህቶቻችን ለዚህ ሕመም ደሴ ወይ አዲስ አበባ ሲሄዱ አብረን የምንሄደው እኛ ነን። የሆርሞን ሪሴፕተር ምርመራ ተሠርቶላቸው እንደሆነ እንጠይቅላቸው።