ሎክሂድ፦ ከአውሮፕላን ፋብሪካ ወጥቶ ፍሬን የሠራው ሰው

ሎክሂድ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሰማይ ነው። በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ወቅት እህል ጭነው ይመላለሱ የነበሩትን፣ በየተራራው ዝቅ ብለው ጆንያ ይጥሉ የነበሩትን ሄርኩለስ አውሮፕላኖች የሚያስታውስ አንባቢ የፋብሪካቸውን ስም አይዘነጋም። ይሁንና ስሙን ካወጡት ሁለት ወንድማማቾች ታላቁ፣ ማልኮም ሎክሂድ፣ ከአውሮፕላን ሥራ የወጣው ገና በ1919 ነው (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን ያስጠራው ዋናው ሥራው ዛሬ እያንዳንዳችን መኪና ስንነዳ በእግራችን የምንረግጠው ነገር ነው፤ በፈሳሽ ኃይል የሚሠራው ፍሬን።

ማልኮምና ታናሽ ወንድሙ አለን ያደጉት በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ነው። እናታቸው ፍሎራ ከባሏ ከተለያየች በኋላ ልጆቿን ያሳደገችው በጋዜጠኝነት፣ በደራሲነትና በፍራፍሬ እርሻ ነበር። ወንድማማቾቹ ብዙ የመደበኛ ትምህርት አላገኙም። የእንጀራ ልጅ ሳይሆን የእናታቸው ልጅ የሆነው ታላቅ ወንድማቸው ቪክቶር ግን የአውቶሞቢል መሐንዲስ ነበር፤ በ1909 ስለ በራሪ ተሽከርካሪዎች መጽሐፍ አሳትሟል። ማልኮም ገና በጎረምሳነቱ ሳንፍራንሲስኮ ወርዶ በእንፋሎት የሚሠሩ መኪኖችን በሚሸጥ ድርጅት መካኒክ ሆነ። እጁ በቅባት የተነከረው ያኔ ነው።

በ1913 ሁለቱ ወንድማማቾች ራሳቸው የሠሩትን ባሕር ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ሰኔ 15 ቀን ከሳንፍራንሲስኮ ወሽመጥ አስነሱ። ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። አውሮፕላኑ በአበዳሪዎቻቸው እጅ ሲገባ ወርቅ ፍለጋ ወጡ፤ አልቀናቸውም። በ1915 ሳንፍራንሲስኮ ባስተናገደችው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ በአንድ ሰው 10 ዶላር እያስከፈሉ፣ በ50 ቀናት 600 ያህል ሰው በአየር አንሸራሸሩ። በተገኘው ገንዘብ በ1916 ሳንታ ባርባራ ውስጥ የአውሮፕላን ፋብሪካ ከፈቱ። ሆኖም አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ መንግሥት የተረፉትን የጦር አውሮፕላኖች በርካሽ ስለቸበቸበ የእነሱን የሚገዛ ጠፋ። ፋብሪካው በ1921 ተዘጋ።

ማልኮም ግን መዘጋቱን አልጠበቀም። በ1917 በስሙ ያስመዘገበውን የፍሬን ፈጠራ ይዞ በ1919 ወደ መኪና ከተማዋ ዲትሮይት አቀና። እዚያ ላቋቋመው ኩባንያ ስም ሲያወጣ አንድ ነገር ቀየረ። የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከንባቡ ጋር ስለማይገጥም ሰዉ ሁሉ ሎግሄድ፣ የግንድ ራስ እንደማለት፣ እያለ ያበላሸው ነበር። እሱም እንደሚነበበው አድርጎ ሎክሂድ ብሎ ጻፈው። አለን በ1926 አዲሱን የአውሮፕላን ኩባንያ ሲያቋቁም የተጠቀመው ይህንኑ አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ዓለም የሚያውቀው ሎክሂድ የሚለው አጻጻፍ መጀመሪያ የተለጠፈው በአውሮፕላን ላይ ሳይሆን በፍሬን ላይ ነበር ማለት ነው።

የዚያን ዘመን መኪኖች ፍሬን የሚሠራው በብረት ዘንግና በገመድ ነበር። ብዙዎቹ ፍሬን ያላቸው በኋላ ጎማዎቻቸው ብቻ ነው። አንዱ ገመድ ከሌላው በጥቂቱ ከላላ ወይም ከጠበቀ ጎማዎቹ እኩል አይያዙም፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። በእርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ ይሽከረከራል። የማልኮም መፍትሔ የተመሠረተው ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባሳወቀው ሕግ ላይ ነው፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት ግፊቱን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ፈሳሹ በቱቦ ሄዶ አራቱንም ጎማዎች በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ግፊት ይይዛል።

ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ችግሩ ፈሳሹን ሳያፈስ መያዝ ነው። ባለ አራት ጎማ ሃይድሮሊክ ፍሬን ተገጥሞለት ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው መኪና በ1921 የወጣው ዱዘንበርግ ሞዴል ኤ ነው። እሱ ግን የሀብታም መኪና ነበር። ወሳኙ ዕድል የመጣው ዋልተር ክራይስለር በስሙ የሚጠራውን የመጀመሪያ መኪና በ1924 ሲያወጣ ነው። የክራይስለር መሐንዲሶች የማልኮምን ፍሬን ሲፈትሹ ከቆዳ የተሠሩት መዝጊያዎች ፈሳሽ እንደሚያንጠባጥቡ አዩ። በጎማ ጎሚኒ ተክተው አሻሻሉት። ከዚያ ወዲህ ፍሬኑ በፍጥነት ተስፋፋ፤ በ1928 የወጣው ርካሹ ፕሊመዝ ሳይቀር ተገጠመለት። በብረት ዘንግ ፍሬን ሙጭጭ ያለው ሄንሪ ፎርድ እጅ የሰጠው በ1939 ሞዴሎቹ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ለፍሬን ይውል የነበረው ፈሳሽ በአብዛኛው የጉሎ ዘይትና የአልኮል ድብልቅ ነበር። እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ጉሎ ማለት ነው። የተመረጠበትም ምክንያት አለው፤ ከነዳጅ የሚወጣው የሞተር ዘይት ጎሚኒውን አሳብጦ ሲያበላሸው የጉሎ ዘይት ግን አይጎዳውም። ዛሬ በጉሎው ፋንታ ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ቢተካም ሕጉ አልተቀየረም። የፍሬን ዘይት ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ዛሬም ጎሚኒዎቹን በሙሉ ይገድላል።

የማልኮም ፈጠራ ኃይሉን የሚያገኘው ፈሳሽ ባለመጨመቁ ነው። ጠላቶቹም ሁለት ናቸው፤ አየርና ውኃ። አየር እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፤ ቱቦው ውስጥ ከገባ እግራችን የሚጫነው አየሩን እንጂ ጎማውን አይደለም። ውኃ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። የዛሬው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም፤ 3.7 ከመቶ ያህል ውኃ ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት መነሻ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። አሁን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የተጫነ መኪና እናስብ። ፍሬኑ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ሙሉ ሲረገጥ ይግላል፤ ያረጀው ዘይት ይፈላል፤ ውኃው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ከላይ ሲነሳ ደህና የነበረ ፍሬን ድልድዩ ጋ ሳይደርስ የሚከዳው በዚህ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በርካታ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። አሠራሩም ከማልኮም ዘመን ብዙ አልራቀም። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን መተንፈሻ ብሎን ይከፍታል፤ አሮጌው ዘይትና አየሩ በላስቲክ ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወጣል። ብሎኑ ሳይዘጋ እግር ከፔዳሉ አይነሳም፤ ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ጠርቶ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪመጣ ይደጋገማል። ከየትኛው ጎማ እንደሚጀመር የመኪናው መመሪያ ይናገራል። ከላይ ያለው ማጠራቀሚያ ፈጽሞ መድረቅ የለበትም፤ የወጣውም ዘይት ተመልሶ አይጨመርም። ፍሪሲዮኑ በፈሳሽ የሚሠራ መኪና ከሆነም እንዲሁ ነው። በብዙ መኪኖች ከፍሬኑ ጋር ከአንድ ማጠራቀሚያ ይጠጣል፤ ማርሽ አልገባ ሲል ካምቢዮ ከማስወረድ በፊት አየሩን ማየት ይቀድማል።

ሌላም ድክመት ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች አራቱም ጎማዎች በአንድ መስመር ስለተያያዙ አንዱ ቱቦ ከፈሰሰ ፍሬን የሚባል ነገር አይኖርም። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲይዝ በአሜሪካ በሕግ የታዘዘው በ1968 ነው።

ማልኮም ይህን አላየም። ኩባንያውን በ1932 ለቤንዲክስ ሸጦ ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰ፤ በወጣትነቱ እምቢ ያለውን ወርቅ እንደገና ሊፈልግ ወደ ማዕድን ሥራ ገባ። በ1958 ሞከለምኒ ሂል በተባለች የጥንት የወርቅ ቆፋሪዎች መንደር አረፈ። ወንድሙ ያቋቋመው ኩባንያ እስከ ዛሬ ስሙን በሰማይ ይዞ ይዞራል። የማልኮም ድርሻ ግን በየሁለት ዓመቱ ጠርሙስ ይዞ ጎማ ስር የሚተኛ መካኒክ የሚያውቀው ነው። ዓባይን ልትወርዱ ያሰባችሁ አንባቢያን ዘይታችሁ መቼ እንደተቀየረ ካላስታወሳችሁ ከጉዞው በፊት ጋራዥ ጎራ በሉ።