ሉርያ፣ የቁማር ማሽኑና «የተላመደው» ባክቴሪያ

በአማርኛችን መድኃኒት አልበግረው ያለውን የሳንባ ነቀርሳ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» እንለዋለን። አባባሉ ሰው ቃሪያ እየደጋገመ በልቶ ማቃጠሉን እንደሚለምደው ሁሉ፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን እየቀመሰ የለመደው ያስመስላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን የምተርክላችሁ ሰው ስመ ጥር የሆነው ግን ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን በማሳየቱ ነው። ሳልቫዶር ሉርያ ይባላል። እኛ የባዮሎጂ ተማሪዎች ስሙን ከአንድ ሙከራ ጋር አያይዘን እናልፈዋለን፤ ሕይወቱ ግን ከዚያ በላይ ሊነገርለት የሚገባ ይመስለኛል።

ሉርያ እ.ኤ.አ. በ1912 በሰሜን ኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያው ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1935 ተመረቀና ከ1936 እስከ 1937 በኢጣሊያ ጦር ውስጥ በሐኪምነት ግዴታውን ተወጣ። እነዚያ ዓመታት የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ይዞ የነበረባቸው ዓመታት መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይላል። ያው መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ፊቱን ወደ ገዛ ዜጎቹ አዞረ። በ1938 ሉርያ አሜሪካ ሄዶ ለማጥናት ተስፋ በያዘበት ሰሞን የዘር ሕጉ ወጣ፤ አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ የትምህርት ዕድሉ ቀረበት። ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲወሩ ደግሞ ከፓሪስ ወጥቶ በብስክሌትም ጭምር እየተጓዘ ማርሴይ ደረሰ። እዚያ ቪዛ አግኝቶ በዚያው ዓመት በመስከረም ኒውዮርክ ገባ።

አሜሪካ እንደ ደረሰ ከሌላ ስደተኛ ጋር ተዋወቀ፤ ከጀርመን ከመጣው የፊዚክስ ሰው ከማክስ ዴልብሩክ ጋር። ሁለቱም ያጠኑ የነበረው ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶችን፣ ማለትም ባክቴሪዮፌጅን ነበር። አንድ ነገር ያስቸግራቸው ነበር። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላይ ቫይረሱ ሲጨመር ባክቴሪያው ሁሉ ያልቃል፤ ሆኖም ጥቂቶች ተርፈው ይራባሉ፤ ልጆቻቸውም ቫይረሱ አይነካቸውም። እነዚህ ጥቂቶች ከየት መጡ? በዘመኑ ሁለት መልስ ነበር። አንደኛው፣ ቫይረሱ ሲነካቸው ተለወጡ የሚል ነው፤ «ተላመዱ» እንደምንለው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት በአጋጣሚ ሚውቴሽን ተለውጠው ነበር፤ ቫይረሱ ያደረገው ሌሎቹን ገድሎ እነሱን መምረጥ ብቻ ነው የሚል ነው። ችግሩ የትኛው ትክክል እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው። የተረፉትን ለማየት ቫይረሱን መጨመር ግድ ነው፤ ከተጨመረ በኋላ ደግሞ በፊት ምን እንደነበሩ በምን ይታወቃል?

ሉርያ በ1943 መጀመሪያ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። መፍትሔው የመጣለት እዚያ በአንድ የመምህራን የጭፈራ ምሽት ላይ ነው። አንድ ባልደረባው የቁማር ማሽን ላይ ሳንቲም ሲከት፣ ሲከስር፣ ቆይቶም በአንድ ጊዜ ብዙ ሳንቲም ሲዘረገፍለት ተመለከተ። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ ግን በገፍ ይሰጣል። ሚውቴሽንም በአጋጣሚ የሚመጣ ከሆነ እንደዚሁ መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ወዲያው ሙከራውን ጀመረ፤ ሒሳቡን ዴልብሩክ ሠራለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ባክቴሪያዎችን በብዙ ቱቦዎች ለየብቻ እናራባለን፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ቱቦ ባክቴሪያ ቫይረስ በተቀባ ሳህን ላይ አፍስሰን የተረፉትን እንቆጥራለን። ባክቴሪያዎቹ የሚለወጡት ቫይረሱን ሲያገኙ ከሆነ፣ ሁሉም እኩል ስለሚያገኙት ከየቱቦው የሚተርፈው ቁጥር ተቀራራቢ ይሆናል። ሚውቴሽኑ የሚከሰተው ቀደም ብሎ፣ ገና ሲራቡ ከሆነ ግን ቁጥሩ ይዘበራረቃል። መጀመሪያ አካባቢ የተለወጠ ባክቴሪያ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አፍርቶ ብዙ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ የተለወጠው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይተዋል፤ ብዙ ቱቦ ደግሞ ባዶውን ይቀራል።

ውጤቱስ? ከሙከራዎቹ በአንዱ 20 ቱቦዎች ነበሩ። ከ11ዱ አንድም አልተረፈም። ከሌሎቹ 1፣ 3፣ 5 ወይም 6 የተረፈባቸው አሉ፤ ከአንዱ 35፣ ከሌላው 64፣ ከሌላው ደግሞ 107 ተረፈ። ለማነጻጸሪያ ከአንድ ዕቃ ባክቴሪያ 10 ናሙና ተወስዶ ሲቆጠር ግን ሁሉም በ13 እና በ26 መካከል ነበሩ። ስለዚህ የቁጥሩ መዘበራረቅ የአቆጣጠር ስሕተት አይደለም። ባክቴሪያዎቹ ቫይረሱን ሳያዩት በፊት ተለውጠው ነበር ማለት ነው። ጽሑፉ በ1943 ታተመ። በ1945 ሚሊስላቭ ዴሜሬክ በስታፊሎኮከስና በፔኒሲሊን ላይ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። በ1952 ደግሞ ጆሹዋ እና ኤስተር ሌደርበርግ በከፋይ ጨርቅ ከሳህን ወደ ሳህን ባክቴሪያ እያተሙ መድኃኒቱን ጨርሶ ያላገኙ፣ ግን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን ለይተው አወጡ።

እንግዲህ ነጠላው ባክቴሪያ ዕድሜ ልኩን ቢታገል መድኃኒቱን «አይለምድም»፤ የሚለወጠው መንጋው ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በአንድ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ሳንባ ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ አለ። ከመካከላቸው አንዱን መድኃኒት የሚቋቋሙ ጥቂቶች ሕክምናው ሳይጀመር በፊትም ሊኖሩ ይችላሉ። በ1948 ውጤቱ በታተመው የእንግሊዝ የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ ላይ ብዙ ሕመምተኞች መጀመሪያ ተሻላቸው፤ በኋላ ግን መድኃኒቱ የማይነካው ባክቴሪያ በዛባቸው። አንድ መድኃኒት ብቻውን መራጭ ሆነ ማለት ነው። ለምሳሌ አንዱን መድኃኒት የሚቋቋም ከ10 ሚሊዮን አንድ፣ ሌላውንም እንደዚሁ ከ10 ሚሊዮን አንድ ቢሆን፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ከ100 ትሪሊዮን አንድ ይሆናል። ለተለመደው ቲቢ በመጀመሪያዎቹ ወራት አራት መድኃኒት በአንድ ላይ የሚሰጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሕመምተኛው ተሻለኝ ብሎ ቢያቋርጥ ወይም እያዛባ ቢወስድ ደግሞ ምርጫው ለሚቋቋሙት ያደላል። ባክቴሪያዎች ጂን እርስ በርስ የሚቀባበሉበት ሌላም መንገድ እንዳላቸው ባይዘነጋም፣ በቲቢ በኩል ዋናው መንገድ ሚውቴሽን ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ ጄምስ ዋትሰን በኢንዲያና የመጀመሪያው የዶክትሬት ተማሪው ነበር። ሉርያ በ1950 ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1959 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተዛወረ። ሳይንቲስት ነኝና ፖለቲካ አያገባኝም አላለም። በ1952 በአመለካከቱ ምክንያት ፓስፖርት ተከለከለ፤ በኋላም የቬትናምን ጦርነት በግልጽ ተቃወመ። በ1969 ከዴልብሩክና ከአልፍሬድ ኸርሺ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ ከገንዘቡ ከፊሉን ለጦርነት ተቃዋሚዎች ሰጠ። በ1991 በ78 ዓመቱ ዐረፈ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ሉርያ ትልቅ መሣሪያ ሳይኖረው ቱቦ፣ ሳህንና ቆጠራ ይዞ ይህን ያህል መሄዱ ነው። በእኛ ላቦራቶሪ መሣሪያ የለም እያልን ለምናማርር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቃሉንስ? «መድኃኒት የተላመደ» የሚለው ሕዝብ የለመደው ነውና ዛሬ ተነስቶ መሻር ከባድ ነው። ነገ ጤና ጣቢያ ወይም ክፍል ውስጥ ቆመን የምናስረዳ ግን «መድኃኒት የሚቋቋም» ብንል፣ አስከትለንም መድኃኒቱ የሚተርፈውን እንደሚመርጥ ብናስረዳ፣ ሕመምተኛው ኪኒኑን እስከ መጨረሻው ለምን መዋጥ እንዳለበት ይገባዋል እላለሁ።