የፍራንክሊን ጥቁር ነጥቦች

መቶ ዶላር ላይ የምናየው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1706 ቦስተን ውስጥ ከሻማና ሳሙና ሠሪ አባት ተወለደ፤ በ12 ዓመቱ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ሙያ ሊማር ገባ።

በሃያዎቹ ዕድሜው 13 መልካም ልማዶችን ደብተር ላይ ጻፈ። ዘዴው ቀላል ነው፤ በሳምንት ትኩረቱ አንዱ ላይ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ራሱን ይመረምርና ለየጥፋቱ ጥቁር ነጥብ ያኖራል። 13ቱ ሲያልቁ ሀ ብሎ ይጀምራል፤ በዓመት አራት ዙር መሆኑ ነው።

እኔ ደግሞ በየእንቁጣጣሹ አሥር ነገር ባንዴ ጀምሬ ጥቅምት ሳይገባ ሁሉንም እተዋለሁ።

ለነገሩ ፍራንክሊንም ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ እስከ እርጅናው አልሆነለትም። በ78 ዓመቱ ግን ፍጹም ባይሆንም በመሞከሩ የተሻለ ሰው እንደሆነ አመነ።

ዘንድሮ አንድ ልማድ ብቻ ይዣለሁ፤ በጊዜ መተኛት። ነጥቡ በዝቷል፤ ደብተሩን ግን አልጣልኩትም።