ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፦ ባቡርና ዕውቀት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1886 በአድዋ አቅራቢያ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ምጽዋ አካባቢ ተሻግረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ወደብ ላይ በቆመ መርከብ ተሳፍረው አውሮፓ ገቡ፤ በአንድ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ ዘንድ አድገውም ጀርመንኛ ቻሉ። ወደ አገር ሲመለሱ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር፤ እሳቸውም በአስተርጓሚነት አገለገሉ።

በ1908 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሁሉ አብልጦ የውጭ ቋንቋ ያስተምር ነበር። መንግሥት በጊዜው አስተርጓሚና ጸሐፊ ይሻ ስለ ነበር ይህ አያስወቅሰውም። ገብረ ሕይወት ግን በ1912 አሥመራ ላይ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፋቸው የጃፓንን ምሳሌ እያቀረቡ ከዚህ የሰፋ ለውጥ ጠየቁ።

ነገሩ በተግባር የተገለጠላቸው ድሬዳዋ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 መጨረሻ እዚያ ደርሶ ነበር። ገብረ ሕይወት በመጀመሪያ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ በኋላም የጉምሩክ ሹም ሆነው ስለ ሠሩ የአገሪቱ ንግድ በየቀኑ በዓይናቸው ሥር ያልፍ ነበር። ወደ ባሕር የሚወርደው ቡናና ቆዳ ነው፤ ከባሕር የሚመጣው አቡጀዲና ሌላ የፋብሪካ ዕቃ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ይህን ልውውጥ በድካም መዘኑት። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በመኪና ታግዞ በጥቂት ሰዓት የሠራውን፣ ዕውቀት ያልደረሰው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ከፍሎ ይገዛዋል። ሸማኔው ገበያ ላይ ከአቡጀዲ ጋር ተገናኝቶ የሚሸነፈው በስንፍናው አይደለም፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ሠራተኛ በመኪና ስለሚፈትልና ስለሚሸምን ነው። እንግዲህ ባቡር ከዕውቀት ቀድሞ ሲመጣ ጥሬውን ሀብት ፈጥኖ ያወጣል፤ የእጅ ባለሙያውንም እንጀራ ያሳጣል። ይህን የጻፉት ሹመታቸው ከዚያው ባቡር ንግድ ጋር የተሳሰረ ሰው መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

መጽሐፉ የትምህርት ቤት ሥርዓት አይነድፍም። ነገር ግን ትምህርትን የሚለካበት ሚዛን ግልጽ ነው፤ የተማረው ሰው ተፈጥሮን በመሣሪያ ገዝቶ አገሩ ከውጭ የምትሸምተውን ራሱ መሥራት መቻል አለበት። ቋንቋ ብቻ የተማረ ወጣት በዚህ ሚዛን ሲታይ የሌላውን ዕቃ ከማስገባት ያለፈ ሥራ አያገኝም።

ገብረ ሕይወት በ1919 ዐረፉ። መጽሐፉ የታተመው ከ5 ዓመት በኋላ በ1924 ነው። የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት የተከፈተው ደግሞ በ1942 ነበር።