ሕፃኑ ቂርቆስና ያሳደገችው እናቱ

በአዲስ አበባ ከተማ መካከል ጎን ለጎን የሚነሡ ሁለት የታወቁ የሠፈር ስሞች አሉ። አንዱ ካዛንቺስ፥ ሁለተኛው ቂርቆስ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ኢጣልያኖች አገራችንን ወርረው በቈዩበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ካሠሩአቸው ቤቶች የመጣ ነው። የሠራተኞቹን ቤት የሚያሠራው ድርጅት በአኅጽሮት ኢንቺስ ይባል ስለ ነበረ፥ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት ካዛ ኢንቺስ ይሉት ነበር፤ ሕዝቡም ሁለቱን ቃል አገጣጥሞ ካዛንቺስ አለው። ቂርቆስ የሚለው ስም ግን ከቤት የመጣ አይደለም። በስሙ ቤተ ክርስቲያን የታነጸለት የአንድ ሕፃን ስም ነው። ዛሬ ካዛንቺስ ራሱ የሚቈጠረው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስለ ሆነ፥ በታላላቅ ሕንፃዎችና በሰፋፊ መንገዶች የታወቀው ያ ሁሉ ሥፍራ የሚጠራው በሦስት ዓመት ሕፃን ስም ነው ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ከካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። አያት፥ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ግቢ፥ አንዳንዴም በአንድ ጣራ ሥር ይኖሩባቸው የነበሩት ሥፍራዎች ተለወጡ። የልጅ ልጅዋን እየመራች ወደ ቅዳሴ ትሄድ የነበረች አሮጊት ከዚያ በኋላ የምትኖረው በአንድ ማዕዘን፥ ልጁ የሚያድገው በሌላ ማዕዘን ሊሆን ይችላል። ቤቱ ከፈረሰ፥ ጎረቤቱም ከተበተነ፥ ለልጁ ምን ይቀርለታል? ይህ ጥያቄ የካዛንቺስ ሰዎች ብቻ ጥያቄ አይደለም፤ ለኑሮው ሲል ካደገበት ቦታ የሚነሣ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። መልሱንም ክፍለ ከተማው በስሙ ከሚጠራው ከዚያው ሕፃን ሕይወት እናገኘዋለን፤ እርሱም የስደተኛ ልጅ ነበረና።

ቂርቆስ የተወለደበት ዘመን ለክርስቲያኖች የመከራ ዘመን ነበረ። ዲዮቅልጥያኖስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ284 ዓ.ም. በሮም ነገሠ፤ በባሕረ ሐሳባችን ዓመተ ሰማዕታት እየተባለ የሚቈጠረው ዘመን መነሻው የዚህ ንጉሥ መንገሥ ነው። በ303 ዓ.ም. ባወጣው ዐዋጅም አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፥ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፥ ክርስቲያን የሆኑ ባለ ሥልጣኖችም ከማዕርጋቸው እንዲሻሩ አዘዘ። ቤት በፈረሰበትና መጽሐፍ በተቃጠለበት በዚያ ዘመን ለሕፃናት የቀረላቸው ትምህርት ቤት የእናታቸው ጉያ፥ የቀረላቸውም መጽሐፍ የእናታቸው አፍ ነበረ።

የቂርቆስ እናት ኢየሉጣ ትባላለች። የምሥራቅ ቀደምት ጸሐፊዎች ከከበረ ወገን የተወለደች፥ ሀብት የነበራትና ባልዋ የሞተባት የኢቆንዮን ከተማ ሴት ያደርጓታል። ኢቆንዮን በዛሬይቱ ቱርክ አገር የሚገኝ፥ ስሙም በሐዋርያት ሥራ የተጻፈ ከተማ ነው። ከእርሱ ብዙም የማትርቅ ልስጥራ የምትባል ከተማ ነበረች፤ የሐዋርያው የጳውሎስ ደቀ መዝሙር የሆነው ጢሞቴዎስ የዚያ አገር ልጅ ነበረ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት በሁለተኛው መልእክት የወጣቱን እምነት ሲያመሰግን ምንጩን አልሸሸገም፤ ይህ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ፥ ቀጥሎም በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ በስማቸው ጠርቶ ይመሰክራል፤ ከሕፃንነቱም ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዳወቀ ያሳስበዋል። የጢሞቴዎስ አባት የግሪክ ሰው ነበረ፤ በቤቱ ውስጥ እምነትን ያስተላለፉት ሴቶቹ ናቸው። ኢየሉጣ ያሳደገችበት አገር እንግዲህ አያትና እናት ለልጅ እምነትን በማውረስ አስቀድሞ የታወቀ አገር ነበረ።

ስደቱ በበረታ ጊዜ ኢየሉጣ ቤትዋንና ሀብትዋን ትታ፥ ሕፃንዋን ታቅፋ ከመኰንኑ ከእለ እስክንድሮስ ፊት ሸሸች። ግሪኮቹ በሚተርኩት ሁለት አገልጋዮችዋን ብቻ አስከትላ፥ የሐዋርያው የጳውሎስ የትውልድ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ጠርሴስ ደረሰች። ነገር ግን የሸሸችው መኰንን በዚያ ነበረና አልተሰወረችም፤ ሰዎች ነገሩበት፥ ይዘውም አቀረቡአት። ቂርቆስ በዚያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረ።

ስንክሳራችን እንደሚተርክልን፥ መኰንኑ ለጣዖት እንድትሰግድ ባስጨነቃት ጊዜ ኢየሉጣ ክፉውንና ደጉን ገና ያልለየ የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ ተፈልጎ ቢጠየቅ የትኛው አምልኮ የቀና እንደ ሆነ ሊመሰክር እንደሚችል ነገረችው። ጭፍሮቹም ሕፃን ሲፈልጉ ያገኙት የገዛ ልጅዋን ቂርቆስን ሆነ። ሕፃኑ በመኰንኑ ፊት ቆሞ በተጠየቀ ጊዜ አልተንተባተበም፤ ክርስቲያን መሆኑን፥ ጣዖታቱም የሰው እጅ ሥራ መሆናቸውን ተናገረ። የምዕራባውያን መጻሕፍት ታሪኩን በሌላ ዓይነት ያቀርቡታል። ዳኛው በሕፃኑ ውበት ተማርኮ በጭኑ ላይ አስቀምጦ ሊያባብለው ሲሞክር፥ ሕፃኑ ፊቱን አዙሮ እናቱን ብቻ ይመለከት፥ እርስዋ ያለችውንም ይደግም ነበር ይላሉ። ትረካዎቹ በዝርዝሩ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሕፃኑ በማያውቀው ሰው ፊት በቆመ ጊዜ በአፉ የተገኘው ከእናቱ የሰማው ነው።

ልብ እንበል፤ ኢየሉጣ ልጅዋን ለዚያ ቀን ብላ አላዘጋጀችውም። ከመከራ ልታድነው ይዛው የሸሸች እናት ናት። ጡት ስታጠባው፥ ስታስተኛው፥ በመንገድ አዝላው ስትሄድ የምትጸልየውን ይሰማ ነበረ፤ የምትፈራውንና የምትወድደውን ያይ ነበረ። ሕፃን በጉባኤ ተቀምጦ አይማርም፤ በወላጁ ጀርባ ሆኖ ግን ብዙ ይማራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የታሪኩ ጥልቅ ሥፍራ ነው። መኰንኑ ልዩ ልዩ ሥቃይ ካደረሰባቸው በኋላ በታላቅ ጋን ውኃ አፍልተው እንዲጨምሩአቸው አዘዘ። የፈላው ውኃ ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበረ። እስከዚያ ድረስ የጸናችው ኢየሉጣ በዚህ ጊዜ ደነገጠች፤ ጉልበትዋም ከዳት። እናት ናትና፥ ለራስዋ ብቻ ሳይሆን በእጅዋ ስለ ያዘችው ሕፃን መፍራትዋ ማንንም አያስደንቅም። በዚያን ጊዜ ሕፃኑ ቂርቆስ እናቱን አጽናናት፤ ስለ እርስዋም ጸለየ። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያዳነ አምላክ እነርሱንም እንደሚያድናቸው አሳሰባት። እርስዋም ኃይልዋ ተመለሰላት፥ ተያይዘውም ገቡ። ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 19 ቀን የምታከብረው መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል የፈላውን ውኃ አብርዶ እናትና ልጁን ያዳነበትን ነው። ሰማዕትነቱን የፈጸመበት መታሰቢያ ደግሞ ጥር 15 ቀን ይከበራል።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሕፃኑ የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ከየት አገኘው? ከእናቱ አፍ ነው። በሰላሙ ጊዜ የተረከችለትን ታሪክ በጭንቀትዋ ጊዜ መልሶ ተረከላት። በልቡ ያስቀመጠችውን አደራ፥ እርስዋ ባጣችው ሰዓት አውጥቶ ሰጣት። የዚህ ሕይወት ዋና ትምህርት ይህ ነው፤ ወላጅ በልጁ ልብ የሚያስቀምጠው ነገር ለልጁ ብቻ የሚሆን ስንቅ አይደለም፤ ወላጁ በሚደክምበት ቀን ለራሱ የሚመለስለት ስንቅ ነው። ባዶ ልብ ያሳደገ ወላጅ በደከመ ጊዜ ከባዶ ልብ ምን ይቀበላል?

የሕፃኑና የእናቱ ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። በአገራችን በጣና ሐይቅ ካሉት ጥንታውያን ገዳማት አንዱ ጣና ቂርቆስ ይባላል። በፈረንሳይ አገር በኔቬር ከተማ ያለው ካቴድራል በእናትና በልጁ ስም የተሰየመ ነው፤ የታወቀው የፈረንሳይ የጦር መኰንኖች ትምህርት ቤት የሚጠራበት ሳን ሲር የተባለው የመንደር ስምም ቅዱስ ቂርቆስ ማለት ነው። እለ እስክንድሮስ ሹመትና ሠራዊት ነበረው፤ ዛሬ ግን ስሙ የሚነሣው በሕፃኑ ታሪክ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለ እናት ይህን ያህል ከተናገርን ስለ አያት ደግሞ ጥቂት እንጨምር። በዚያው የስደት ዘመን በጳንጦስ አገር ማክሪና የምትባል ሴት ከባልዋ ጋር ቤትዋን ጥላ ሰባት ዓመት ያህል በዱር ተሸሸገች። ስደቱ አልፎ ወደ ቤትዋ በተመለሰች ጊዜ ሀብትዋ ተወርሶ ነበረ፤ በልብዋ የያዘችውን ግን ማንም አልወረሰውም። ከልጅነትዋ የያዘችውን የጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራትን ትምህርት ለልጅ ልጆችዋ እየነገረች አሳደገቻቸው። ከእነርሱ አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ330 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው ቅዱስ ባስልዮስ ነው፤ በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ ትቀድስበታለች። ባስልዮስ በአቴና ታላቅ ትምህርት ተምሮ ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ እንኳ፥ ስለ እምነቱ መነሻ ሲጽፍ በልጅነቱ ከአያቱ የሰማውን ቃል ከማስታወስ አላፈረም።

እንግዲህ ወላጆችና አያቶች ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ ለየቤታችን የሚሆነውን እንውሰድ።

በመጀመሪያ፥ ልጅ ገና ሕፃን ነው፥ አይገባውም ብለን ጊዜውን አናሳልፈው። ቂርቆስ ሦስት ዓመቱ ነበረ። ልጅ ፊደል ከመቍጠሩ በፊት የቤቱን ጠባይ ይቈጥራል። አባት ለጎረቤቱ የሚሰጠውን ሰላምታ፥ እናት ለለማኝ የምትሰጠውን መልስ፥ በማዕድ ፊት የሚደረገውን ጸሎት ወይም የሚነሣውን ሐሜት ሁሉ ይይዛል። በአፍ የምንመክረውና በሥራ የምናሳየው ከተለያዩ ልጁ የሚከተለው ሥራችንን ነው።

ሁለተኛ፥ የአያትን ዋጋ እንወቅ። ወላጅ በሥራ ሲደክም፥ አያት ለመተረክ ጊዜ፥ ለመስማትም ትዕግሥት አላት። ልጅ ከወላጁ ሕግን ሲማር፥ ከአያቱ የሕጉን ምክንያት ይማራል። ስለዚህ አባት ወይም እናት በልጁ ፊት አያቱን ቢያቃልል፥ ራሱ በሚያረጅበት ቀን የሚቀመጥበትን ወንበር መስበሩ ነው። አያትም በበኩልዋ ወላጁ የከለከለውን በስውር ብትፈቅድ ፍቅር የሰጠች ይመስላታል እንጂ ልጁን በሁለት ፊት መኖርን ታስተምረዋለች። ወላጅና አያት ልጁ በሌለበት ይመካከሩ፤ በልጁ ፊት ግን አንድ ይሁኑ።

ሦስተኛ፥ ኢየሉጣ መደንገጥዋን ከልጅዋ አልሸሸገችም፤ ድካምዋን በማየቱም ልጅዋ አልናቃትም፥ አበረታት እንጂ። ወላጅ ፈጽሞ የማይደክም መስሎ መታየት አይገባውም። የተሳሳተ አባት ስሕተቱን ለልጁ ቢናገር ክብሩ አይጎድልም፤ ልጁ ግን ንስሓን በዓይኑ አይቶ ይማራል።

በመጨረሻ፥ ከኖሩበት ሠፈር ወደ ሌላ ለተዛወሩት ቤተ ሰቦች እንናገራለን። አያትና የልጅ ልጅ በመኖሪያ ከተራራቁ፥ በሰንበትና በበዓል ቀን እንዲገናኙ ወላጅ መንገዱን አያክብደው። የመጓጓዣው ድካምና ወጪ ቀላል እንዳይደለ እናውቃለን፤ ነገር ግን ልጁ የአያቱን እጅ አስታጥቦ፥ ምርቃትዋን ተቀብሎ፥ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም ሰምቶ የሚመለስበት ቀን ከብዙ ቀን ትምህርት ይበልጣል። በአዲሱ ሠፈርም ልጁን ይዛችሁ በአቅራቢያው ወዳለው ደብር ሂዱ፤ ጎረቤትን ተዋወቁ፤ ጽዋ ካለ ግቡ፥ ከሌለ ጀምሩ። ኢየሉጣ ከኢቆንዮን ስትወጣ ቤቱን ልትሸከመው አልቻለችም፤ የቤቱን እምነት ግን በልጅዋ ልብ ውስጥ ተሸክማ ወጣች።

በቤቶች ስም የተጠራው ሠፈር ቤቶቹ ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። በሕፃን ስም የተጠራው ግን ዛሬም ቂርቆስ ይባላል። ቤትን የሚሠራም የሚያፈርስም ሰው ነው፤ በሕፃን ልብ የታነጸው ግን ከአናጢው ይልቅ ይቈያል። ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ እንድናሳድግ እግዚአብሔር ይርዳን። የሕፃኑ የቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ በረከት ይደርብን፤ አሜን።