የሊቁ አያት ታላቋ ቅድስት ማክሪና

ቅዳሴ ባስልዮስ በሚቀደስበት ዕለት የሊቁን ስም እንሰማለን፤ ገና ሕፃን ሳለ ሃይማኖቱን ያስተማረችውን አያቱን ግን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ይህች ሴት ቅድስት ማክሪና ናት። ታላቋ የተባለችውም በስሟ ከተጠራችው የልጅ ልጇ ከታናሿ ቅድስት ማክሪና ለመለየት ነው።

የማክሪና ከተማ ኒዮቄሣርያ ትባላለች፤ ከጥቁር ባሕር በስተደቡብ በጳንጦስ አገር የምትገኝ ስትሆን፣ ዛሬ በቱርክ ኒክሳር የምትባለው ናት። በዚያ ወንጌልን ያስፋፋው ገባሬ ተአምራት የተባለው ጳጳስ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነበር። እርሱም በ270 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ካረፈ በኋላ ትምህርቱ በምእመናን አፍ ሲነገር ኖረ፤ ማክሪናም ቃሉን በልቧ ይዛው ነበር። የቃል ትምህርትን ክብር ለሚያውቅ ለአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በ303 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ዐወጀ፤ በምሥራቅም በተከታዮቹ ዘመን እየከፋ ሄደ። ማክሪናና ባለቤቷ ባለጸጎች ነበሩ፤ በክርስቶስ ስም ስለ መሰከሩ ሀብታቸው ተወረሰ። ከጥቂት አገልጋዮች ጋር ወደ ጳንጦስ ተራሮች ሸሽተው በጫካ ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ተሰደው ኖሩ። በአገልጋይ ብዛትና በሞላ ማዕድ የኖሩ ሰዎች ብርዱንና ዝናቡን፣ ሐሩሩንና ብቸኝነቱን ቻሉት። ነባቤ መለኮት የተባለው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ለወዳጁ ለባስልዮስ መታሰቢያ ባደረገው ንግግር፣ ስደተኞቹ ወደ እግዚአብሔር በለመኑ ጊዜ አጋዘኖች በፈቃዳቸው መጥተው ምግብ እንደ ሆኑላቸው ተርኳል። ይህን ታሪክ ብዙዎች ይወዱታል። እኔን ይልቁንም የሚደንቀኝ የዓመታቱ ርዝመት ነው፤ ሰባት ክረምት በዱር ማሳለፍ በአንድ ቀን ሰይፍ ከመሞት ያነሰ ምስክርነት አይመስለኝም።

ሰላም ከሆነ በኋላ ልጇ ባስልዮስ ኤሜልያን አገባ። ከልጆቻቸው ሦስቱ፣ የቂሣርያው ባስልዮስ፣ የኑሲሱ ጎርጎርዮስና የሰባስጥያው ጴጥሮስ ጳጳሳት ሆኑ። በ330 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው ባስልዮስ በጳንጦስ ገጠር በአያቱ እጅ አደገ። የጢሞቴዎስ አያት ሎይድ በቤቷ እንዳደረገችው ሁሉ፣ ማክሪናም የገባሬ ተአምራቱን ትምህርት ለሕፃኑ አስጠናችው።

የዚህ ትምህርት ዋጋ የታወቀው ግን እርሷ ካረፈች ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ባስልዮስ በቍስጥንጥንያና በአቴና ተምሮ በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ጳጳስ ሆነ። ዘመኑ ንጉሡ ዋሌንስ የአርዮስን ወገኖች የሚደግፍበት የመከራ ዘመን ነበር። በ375 ዓ.ም. ገደማ የቀድሞ ወዳጁ የነበረ ጳጳስ ሳይቀር ሃይማኖቱ ቀና አይደለም ብሎ ከሰሰው፤ የኒዮቄሣርያ ሰዎችም ራቁት። የአቴናን ጥበብ ጠንቅቆ የሚያውቀው ይህ ሊቅ ለመከላከያው የጠራው ምስክር አንድም ፈላስፋ አልነበረም። ከአያቱና ከእናቱ በሕፃንነቱ የተቀበለውን እምነት እንዳልለወጠ፣ ዘር አድጎ ዛፍ እንደሚሆን እምነቱም ከዕድሜው ጋር እንዳደገ ብቻ ጻፈ። ለኒዮቄሣርያ ሰዎችም በላከው መልእክት ማክሪና ከእነርሱው መካከል የወጣች መሆኗን፣ ያስተማረችውም እነርሱ ራሳቸው የሚያከብሩትን የጎርጎርዮስን ቃል መሆኑን አስታወሳቸው።